ሲሞቅ የሚጠፋው ሞተር፦ የአሮጌ መኪና ኮምፒውተር ፍተሻና ቅያሬ

መኪናዋ የአባቴ ናት። በእ.ኤ.አ. 1992 የተሠራች፣ ባለ 1.6 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ የእጅ ማርሽ። ሞተሯ ዘይት አይበላም፣ ማርሿ አያስቸግርም፣ ቦዲዋንም ዝገት አልነካውም። ችግሯ አንድ ነው። ጠዋት ቁልፍ ስትነካት ትነሳለች፣ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ አዲስ ትሄዳለች፣ ከዚያ ድንገት ጭጭ ትላለች። ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ኮፈኑን ከፍተህ ግማሽ ሰዓት ከጠበቅካት ደግሞ ምንም እንዳልነካት ሆና ትነሳለች።

በአራት ወር ውስጥ ካንዴላ ተቀየረላት፣ የካንዴላ ገመድ ተቀየረላት፣ ኮይል ተቀየረላት፣ የነዳጅ ፓምፕ ተቀየረላት። መጨረሻ ላይ ያያት ባለሙያ ኮፈኑን ዘግቶ «ኮምፒውተሯ ነው፣ ሞቷል» አለ። ነዳጁንና እሳቱን የሚያዘውን ሳጥን ማለቱ ነው። አልለካም። ልክ ሊሆን ይችላል፣ ግን ሳይለካ በተባለ ነገር ላይ ገንዘብ ማውጣት አልፈለግኩም። «አባዬ፣ ሁለት ሳምንት ስጠኝ» አልኩት። ሰጠኝ። ከዚህ በታች ያለው በየቀኑ የሠራሁት ነው። የተሳሳትኩባቸውንም አላወጣኋቸውም፣ ምክንያቱም ሌላ ሰው እዚያው ቦታ ላይ ይሳሳታል።

ቀን 1፣ ቅዳሜ

ዛሬ ምንም አልፈታሁም። ማየት ብቻ። ደብተር ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ አስነሳኋት፣ እስክትጠፋ ጠበቅኩ። በ34 ደቂቃ ጠፋች።

ከመጥፋቷ በፊት ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ያለው የሞተር ዙር፣ ይዋዥቅ ጀመር። ወደ 600 ዙር ይወርዳል፣ 1,200 ይደርሳል፣ እንደገና ይወርዳል። ይህን ጻፍኩት። ከጠፋች በኋላ ቁልፉን አጥፍቼ እንደገና ወደ «ኦን» አዞርኩትና ክሩስኮቱን አየሁ። የዘይት መብራት በርቷል። የባትሪ መብራት በርቷል። የቼክ ኢንጅን መብራት የለችም።

ይቺን መብራት ብዙ ሰው የሚፈራት ስትበራ ነው። እኔ ዛሬ ያስደነገጠችኝ ሳትበራ በመቅረቷ ነው። ቁልፍ ተከፍቶ ሞተሩ ገና ሳይነሳ ልትበራ ይገባል። በዚህች መኪና ዲያግራም ላይ መብራቷን ከግራውንድ፣ ማለትም ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ከሚመለሰው መስመር፣ አገናኝቶ የሚያበራት ራሱ ኮምፒውተሩ ነው። ጠዋት መኪናዋ ቀዝቅዛ እያለች በርታ ነበር፣ ስለዚህ አምፖሏ አልተቃጠለችም። ታዲያ አሁን ካልበራች ወይ ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ አላገኘም፣ ወይ ግራውንድ አጥቷል፣ ወይ ኤሌክትሪክም ግራውንድም እያለው ራሱ አልነቃም። ሦስቱን መለየት ነው የቀረው።

ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ኮድ ለማንበብም ሞክሬ ነበር። የዚህ ዘመን መኪና ባለ 16 ፒኑ የተለመደ ሶኬት የላትም። እሱ በአሜሪካ ግዴታ የሆነው ከ1996 ስሪት ጀምሮ ነው፣ በአውሮፓ ለቤንዚን መኪኖች ደግሞ ከ2001። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ መንገድ ነበረው። በዚህች መኪና ኮፈን ስር ካለው የምርመራ ሶኬት ሁለት ፒኖችን በሽቦ ታገናኛለህ፣ ያቺው መብራት ብልጭ ብልጭ እያለች ቁጥር ትነግርሃለች። የትኞቹ ሁለት ፒኖች እንደሆኑ ከመመሪያው ሳታረጋግጥ ግን ሽቦ እንዳታስገባ፣ አጠገባቸው ቀጥታ የባትሪ ኤሌክትሪክ ያለው ፒን አለ። ቀዝቅዛ ሳለች አነበብኩት፦ «ችግር የለም» የሚል እኩል ብልጭታ። ስትሞቅና ስትጠፋ ደግሞ የምትነግረኝ መብራት ራሷ የለችም።

ቀን 2፣ እሁድ

እሳትና ነዳጅ። አሰልቺ ነው፣ ግን አይዘለልም።

ስትጠፋ ጠብቄ አንድ የካንዴላ ገመድ ነቀልኩና የፍተሻ ካንዴላ ሰካሁበት፣ ብረቱን ሞተሩ ላይ አስጠጋሁት፣ ወንድሜ ሞተሪኖውን አዞረ። እሳት የለም። የአንዱን ኢንጀክተር (የነዳጅ መርጫ) ሶኬት ነቅዬ ትንሽ የኤልኢዲ መፈተሻ ሰካሁበት። እሱም አይበራም። የነዳጅ ፓምፑን በቀጥታ ሳስነሳው ይሠራል፣ ግፊቱም በመመሪያው ልክ ነው።

እሳትም የኢንጀክተር ትእዛዝም በአንድ ጊዜ ከጠፉ ኮይልና ፓምፕ ላይ መመራመር አያስፈልግም። ሁለቱ በአንድ ላይ የሚጠፉት የሞተሩን ዙር የሚነግረው ሴንሰር ሲዘጋ፣ ወይም ኮምፒውተሩ ሳይሠራ ሲቀር ነው። ሴንሰሩ እሳቱን ለካንዴላዎቹ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ነው። እየጋለ ለካሁት፣ ኦሙ በክልሉ ውስጥ ነው። ሞተሪኖው ሲዞር ከሴንሰሩ የሚመጣው ምልክት ኮምፒውተሩ ሶኬት ድረስ ይደርሳል፣ ኤሲ ቮልት ላይ አድርጌ አየሁት። ሴንሰሩ ነፃ ነው። የተቀየሩት ዕቃዎች በሙሉ ከጅምሩ ደህና ነበሩ ማለት ነው። አባቴን ይህን ስነግረው ዝም አለ። እኔም አዘንኩ።

ቀን 3፣ ሰኞ ማታ

ኮምፒውተሩ ያለው ከተሳፋሪው ፊት ካለው ሳጥን ጀርባ ነው። ሳጥኑን አወጣሁ፣ ብረት ቤት ያለውን ኮምፒውተር ከነሶኬቱ ወደ ታች አወረድኩት። ሶኬቱን አልነቀልኩም። ቀጭን መርፌ ከሶኬቱ ጀርባ በገመዱ ጎን ቀስ ብለህ ታስገባለህ፣ የመልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ጫፍ መርፌው ላይ ታደርጋለህ። ከፊት ለፊት ጫፉን ወደ ፒኑ ቀዳዳ ከገፋህ ፒኑን ታሰፋዋለህ፣ ያኔ ያልነበረ ችግር ፈጥረህ ትሄዳለህ።

የኤሌክትሪክ መስመሮቹ፦ ቋሚው 12.4 ቮልት፣ ከቁልፍ የሚመጣው 12.3፣ ከዋናው ሪሌይ የሚመጣው 12.3። ጥሩ።

እዚህ ላይ ግን ብዙዎቻችን የምንታለልበት ነገር አለ። መልቲሜትር ከሽቦው የሚስበው ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም። ገመዱ ውስጥ ካሉት ቀጫጭን ሽቦዎች አንዷ ብቻ ብትቀር እንኳ መልቲሜትሩ 12 ቮልት ያሳይሃል። ገመዱ ሥራ ሲሰጠው ግን ይወድቃል። ስለዚህ ባትሪውን ነቅዬ፣ ሶኬቱን ከኮምፒውተሩ ነቀልኩና ባትሪውን መልሼ፣ ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል በኤሌክትሪኩ ፒንና በግራውንዱ ፒን መካከል አደረግኩ። ይህ አምፖል ወደ 1.75 አምፔር ይስባል። ይህን የማደርገው በኤሌክትሪክ አቅራቢና በግራውንድ መስመሮች ላይ ብቻ ነው፣ ሶኬቱም ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ። ኮምፒውተሩ ራሱ ላይ አምፖል ማገናኘት ማቃጠል ነው።

አምፖሉ በራ፣ ግን ደብዛዛ ነው። ግራውንዱን ትቼ የአምፖሉን ሌላ ጫፍ ቀጥታ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ሳደርገው ደመቀ። ግራውንዱ!

ቀን 4፣ ማክሰኞ

የኮምፒውተሩ ግራውንድ ገመዶች የሚታሰሩት ማኒፎልዱ ላይ ባለ አንድ ብሎን ነው። ብሎኑ ሲታይ ደህና ነው። ስፈታው ግን ከቀለበቱ ሥር ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ተሰብስቧል። በሽቦ ብሩሽ ቦረሽኩት፣ ብረቱ እስኪያበራ በአሸዋ ወረቀት አሸሁት፣ መልሼ አጠበቅኩ። ከማጽዳቴ በፊት ሞተሪኖው ሲዞር በባትሪው ኔጌቲቭና በኮምፒውተሩ ግራውንድ መካከል 0.58 ቮልት ነበር። ከጸዳ በኋላ 0.03።

በጣም ደስ አለኝ። መኪናዋን ይዤ ወጣሁ። 20 ደቂቃ፣ 30 ደቂቃ፣ 40 ደቂቃ። ሚኒሞውም ቀድሞ ከነበረው የተረጋጋ ነው። 47ኛው ደቂቃ ላይ ጠፋች።

መንገድ ዳር ቆሜ ቁልፉን አዞርኩት። መብራቷ የለችም።

ግራውንዱ እውነተኛ ችግር ነበር፣ ግን ዋናው ችግር አልነበረም። አሮጌ መኪና ላይ ይህ ይበዛል፣ አንዱን በሽታ ስታድን ሌላው ከሥሩ ብቅ ይላል። ደብተሩ ላይ «ግራውንድ፦ ተጠግኗል፣ ምክንያቱ ግን አይደለም» ብዬ ጻፍኩ።

ቀን 6፣ ሐሙስ

አምስት ቮልት። ኮምፒውተሩ 12 ቮልት ተቀብሎ ውስጡ ወደ 5 ይቀንሰዋል። ፕሮሰሰሩም በእሱ ይሠራል፣ የአየር በሩን መከፈት የሚለካው ስሮትል ሴንሰርና የመሳሰሉትም በዚያው 5 ቮልት ይለካሉ። ቀዝቅዛ ሳለች ስሮትል ሴንሰሩ ሶኬት ላይ ለካሁ፣ 5.01። አስነሳኋት፣ የመልቲሜትሩን ገመድ ወደ ውስጥ አስገብቼ ቁጥሩን እያየሁ ተቀመጥኩ።

25 ደቂቃ ላይ 4.93። 31 ላይ 4.7። ከዚያ ሚኒሞው መዋዠቅ ሲጀምር ቁጥሩም አብሮ መዝለል ጀመረ፣ 4.4፣ 4.6፣ 3.9። ሞተሩ ጠፋ። 3.1 ላይ ቆመ።

ይህን ሳይ እጄን አጨበጨብኩ፣ ግን ገና ፍርድ አይሰጥም። አንድ ሴንሰር ውስጡ ሾርት ካደረገ 5 ቮልቱን ከውጭ ጎትቶ ሊያወርደው ይችላል፣ ጥፋቱ ግን የኮምፒውተሩ አይደለም። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ በዚያ 5 ቮልት የሚሠሩትን ሴንሰሮች አንድ በአንድ ነቀልኳቸው። ስሮትል ነቀልኩ፣ 3.1። የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰር ነቀልኩ፣ 3.1። ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚገባው ኤሌክትሪክ 12.3 ነው፣ ግራውንዱ ጽዱ ነው፣ የሚጎትተው ነገር ከውጭ የለም። የሚወጣው ግን 3.1 ነው።

ኮምፒውተሩ ነው። ያ ሰውዬ ልክ ነበር። አሁን ግን ልክ መሆኑን አውቃለሁ።

ቀን 7፣ ዓርብ

አንድ ማረጋገጫ ጨመርኩ። ጠዋት፣ ሁሉም ነገር ቀዝቅዞ ሳለ መኪናዋን አስነሳሁና የፀጉር ማድረቂያ ኮምፒውተሩ ቤት ላይ አነጣጠርኩ። ሞተሩ ገና አልሞቀም፣ የሚሞቀው ኮምፒውተሩ ብቻ ነው። ብረቱን በእጄ እየነካሁ ነው፣ እጅ መቋቋም ከሚችለው በላይ አላስኬድኩትም። በስድስት ደቂቃ ሞተሩ ጠፋ። ማድረቂያውን ወደ ቀዝቃዛ ንፋስ ቀየርኩት። በአምስት ደቂቃ መብራቷ በራች፣ ሞተሩም ተነሳ። ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ሁለቴም ያው።

አባቴ አጠገቤ ቆሞ ነበር። «በእኛ ጊዜ መኪና ኮምፒውተር አልነበረውም» አለ። እንደ እውነቱ ከእሱ ወጣትነት ጀምሮ ነበር። ቦሽ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የነዳጅ መርጫ በቮልስዋገን 1600 ላይ ያወጣው በእ.ኤ.አ. 1967 ነው፣ ነዳጁንና እሳቱን በአንድ ዲጂታል ሳጥን የሚመራው ደግሞ በ1979 በቢኤምደብሊው 732 ላይ ወጣ። ነገርኩት። «እኛ ጋ አልደረሰም ነበር» አለኝ፣ ተሳሳቅን።

ቀን 8፣ ቅዳሜ

ባትሪውን ነቀልኩ። ሶኬቶቹን ከመንካቴ በፊት እጄን የመኪናው ብረት ላይ አሳረፍኩ፣ ሰውነት ላይ ያለ ስታቲክ ቦርዱን እንዳይጎዳው። አራት ባለ 10 ብሎን፣ ከዚያ ሶኬቶቹ። መቆለፊያቸውን ተጫንና ፕላስቲኩን ጎትት እንጂ ገመዱን አትጎትት።

ቤቱን የከፈትኩት ብቻዬን አይደለም። ዕድሜ ልካቸውን ሬዲዮና ቴሌቪዥን የጠገኑ ጎረቤት አሉን፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት።

«ጋሼ፣ ይቺን ይዩልኝ።»

ክዳኑ እንደተነሳ ምንም ሳያዩ አጎነበሱና አሸተቱት። «አሸተትክ? ካፓሲተር ነው፣ ፈሷል።»

እውነትም የሆነ የዓሣ ሽታ የመሰለ ነገር አለው። ማጉያ መነጽሩን ሰጡኝ። 5 ቮልቱን ከሚያወጣው ክፍል አጠገብ አራት ትንንሽ ሲሊንደር ካፓሲተሮች አሉ። የሦስቱ አናት ደህና ነው፣ አላበጠም። ከታች ግን፣ እግራቸው ቦርዱ ውስጥ በሚገባበት ቦታ፣ ቡናማ ቅባት መሰል ነገር ተዘርግቷል። ቅባቱ የደረሰበት መዳብ አረንጓዴ ሆኗል። አንዱ መስመር፣ ከፀጉር ትንሽ የሚወፍር፣ መሃሉ ላይ ተበልቶ ተቋርጦ የቀረው የአረንጓዴ ብናኝ ድልድይ ብቻ ነው። ያ ድልድይ ሲቀዘቅዝ ያስተላልፋል፣ ሲሞቅ ይለቃል። የአራት ወር ጭንቀት እዚያች ጥፍር በማታክል ቦታ ላይ ተቀምጧል።

ጋሼ አንዱን ካፓሲተር አውጥተው ለኩት። ላዩ ላይ 100 ማይክሮፋራድ ይላል፣ የተለካው 11 ነው። የዚህ ካፓሲተር ሥራ 5 ቮልቱን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። ሲደርቅ ቮልቱ ይንቀጠቀጣል፣ የፈሰሰው ፈሳሽ ደግሞ ራሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ በማይገናኙ መስመሮች መካከል መንገድ ይከፍታል። ሁለቱ ተባብረው ነው ኮምፒውተሩን የሚያስተኙት።

ከዚያ ጋሼ ቦርዱን አዞሩትና በጣታቸው ሌላ ቦታ አሳዩኝ። ከካፓሲተሮቹ ሩቅ የሆነ አንድ ትራንዚስተር፣ ሰውነቱ ተሰንጥቋል፣ ሥሩ ጠቁሯል። «ይሄኛውን ግን ካፓሲተር አላቃጠለውም» አሉ። «ከውጭ የመጣ ነገር ነው። እሱን ሳታገኝ ሌላ ኮምፒውተር እንዳትሰካ፣ ያንንም ያቃጥልብሃል።»

የዚህ ሁሉ ሥራ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ኮምፒውተር ተገዝቶ ተሰክቶ፣ በሦስት ሳምንት ተቃጥሎ፣ «ያገለገለ ዕቃ እንዲህ ነው» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ።

ቀን 9፣ እሁድ

ከትራንዚስተሩ የሚወጣውን መስመር እስከ ሶኬቱ ፒን ተከተልኩት፣ ከዚያ ዲያግራሙ ላይ ፒኑን ፈለግኩ። የሚሄደው ወደ ሚኒሞ ቫልቭ ነው። ሞተሩ ሥራ ሳይኖረው ስንት አየር እንደሚገባ የሚወስነው እሱ ነው።

ቫልቩ ሦስት ገመድ አለው። መሃሉ 12 ቮልት ይቀበላል፣ ሁለቱን ጎኖች ደግሞ ኮምፒውተሩ እያፈራረቀ ከግራውንድ ጋር ያገናኛቸዋል። በመመሪያው እያንዳንዱ ጎን 20 ኦም ገደማ መሆን አለበት። አንደኛው ጎን 21። ሁለተኛው 6።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሞተሩ ሲሠራ የባትሪው መስመር 14 ቮልት ያህል ነው። በ21 ኦም የሚያልፈው 0.67 አምፔር ነው። በ6 ኦም 2.3። ትራንዚስተሩ ከሦስት እጥፍ በላይ ተጭኖበት ነበር። ቀን 1 ላይ ሚኒሞው ሲዋዥቅ የጻፍኩት ነገር አሁን ትርጉም አገኘ፣ ከኮምፒውተሩ ብቻ አልነበረም።

ስላገኘሁት ቀሪዎቹንም አልተውኩም። አራቱን ኢንጀክተሮች ለካሁ፣ አራቱም ተቀራራቢ ናቸው። የሪሌዮቹን ኮይሎች ለካሁ፣ ደህና።

ቀን 10

መጠገን ወይስ መቀየር? ጋሼ «መስመሩን በሽቦ እንቀጥለዋለን፣ ትራንዚስተሩንም እናገኛለን» ይላሉ፣ ያደርጉታልም። ግን ትራንዚስተሩ ላይ ያለው ቁጥር የፋብሪካው የራሱ ነው፣ ተመጣጣኙን ለማግኘት ጊዜ ይፈልጋል፣ ፈሳሹም በቦርዱ ንብርብር ውስጥ የት እንደደረሰ አይታይም። መኪናዋ ደግሞ የአባቴ እግር ናት። ያገለገለ እንፈልግ፣ አሮጌውን ጎን ለጎን እናድናለን ተባባልን።

ቀን 13

የመጣው ኮምፒውተር የእኛ አይደለም። ቤቱ አንድ ዓይነት፣ ሶኬቱ አንድ ዓይነት፣ የሞተሩ ስም ላዩ ላይ ተጽፏል፣ የዕቃ ቁጥሩ ግን የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ይለያሉ። የላከልኝ ሰው «ይሠራል፣ ስካው» አለኝ። አልሰካሁትም። ሁለቱን ዲያግራም ጎን ለጎን ሳያቸው ያኛው የአውቶማቲክ ማርሽ ነው፣ አምስት ፒኖች የተለየ ሥራ አላቸው። ሶኬት ገባ ማለት ገጠመ ማለት አይደለም። ቁጥሩ ሙሉ በሙሉ አንድ ካልሆነ፣ ወይም ፋብሪካው ይተካካሉ ብሎ ካልጻፈ፣ መልስ።

መለስኩት። ለአባቴ የጠየቅኩት ሁለት ሳምንትም በዚሁ አለቀ።

ቀን 19

ትክክለኛው መጣ። ቁጥሩ እስከ መጨረሻው አኃዝ አንድ ነው። አባቴ ወዲያው እንድሰካው ፈልጎ ነበር። «አባዬ፣ ይሄም እኮ የዚያኛው እኩያ ነው» አልኩት። ካፓሲተሮቹም እኩያ ናቸው።

ጋሼ ጋ ሄድን፣ ከፈትነው። ከሁለቱ ካፓሲተሮች ሥር ያው ቡናማ ቅባት ተጀምሯል። መዳቡን ገና አልበላም። ስድስት ወር ቆይቶ ቢሆን ኖሮ ይበላው ነበር። አራቱንም ቀየርናቸው።

አሠራሩን ልጻፈው። በመጀመሪያ የእያንዳንዱን ቦታ፣ መጠንና ነጩ መስመር ያለበትን ጎን ፎቶ አነሳሁ። መስመሩ ኔጌቲቭ ነው፣ ገልብጠህ ከሰካኸው ሊፈነዳ ይችላል። ማይክሮፋራዱ እኩል መሆን አለበት፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ ሙቀቱ 105 ዲግሪ የሚለው ነው እንጂ 85 አይደለም። በዕቃው ዓለም የታወቀ ስሌት አለ፦ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የካፓሲተሩ ዕድሜ በግምት እጥፍ ይሆናል። በ105 ዲግሪ 2,000 ሰዓት የተባለው በ65 ዲግሪ ወደ 32,000 ሰዓት ይደርሳል።

ቦርዱ ላይ እርጥበት የሚከላከል ግልጽ ሽፋን አለ። እሱን ከእግሮቹ ዙሪያ ቀስ ብሎ መፋቅ ያስፈልጋል፣ አለዚያ እግሮቹን የበየደው ሊድ አይቀልጥም። ደርቆ የኖረ ሊድም እምቢ ይላል። ጋሼ መጀመሪያ አዲስ ሊድ ጨመሩበት፣ አሮጌው ከአዲሱ ጋር ሲቀላቀል ለሰለሰ፣ ያኔ እግሩ ሳይጎተት ራሱ ወጣ። የሚጎትት ሰው ከካፓሲተሩ ጋር መዳቡንም ነቅሎ ያወጣል። ከዚያ ቦታውን በአይሶፕሮፒል አልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጠብን፣ አደረቅን፣ እያንዳንዱን መስመር በመልቲሜትሩ ድምፅ ፈተሽን፣ አዲሶቹን ገጠምን። የጋሼ እጅ አንዴም አልተንቀጠቀጠም። እኔ መብራት ያዝኩ።

ቀን 20

መጀመሪያ አዲሱ ሚኒሞ ቫልቭ። ሁለቱም ጎን 20 ኦም። ባትሪው ተነቅሎ እንዳለ ኮምፒውተሩን ሰካሁ፣ ሶኬቶቹ ቀጭ እስኪሉ። የባትሪው ቀለበቶች ጸዱ፣ ተመለሱ።

ቁልፍ። መብራቷ በራች። ሞተሪኖ፣ ሞተሩ በሁለተኛው ዙር ተነሳ፣ መብራቷ ጠፋች። 5 ቮልቱ 5.02። በአሮጌው ኮምፒውተር ሊጠፋ ሲል ኤሲ ላይ አድርጌ ስለካው የነበረው ንቅንቅ 0.4 ቮልት ነበር፣ አሁን 0.01።

የእሳት ሰዓቱንም፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት፣ አየሁ። በዚህ ዘመን መኪና ኮምፒውተሩ እሳቱን ስለሚያስቀድም ዝም ብለህ ብትለካ ውሸት ቁጥር ታያለህ። የምርመራ ሶኬቱን በሽቦ አገናኝተህ ኮምፒውተሩን ወደ ቋሚ ሰዓት ትመልሰዋለህ፣ ከዚያ ትለካለህ። መመሪያው 10 ዲግሪ ይላል፣ የእኛ 6 ላይ ነበር። በዚያ አራት ወር ውስጥ ዲስትሪቢዩተሩን የነካው ሰው አለ። ወደ 10 መለስኩት።

የፀጉር ማድረቂያው ደግሞ 20 ደቂቃ። 5.01። 5.02። 5.01። ሞተሩ ድምፁን አልቀየረም።

ቀን 27

ሰባት ቀን ሆናት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሚኒሞው ጠዋት ጠዋት ትንሽ ከፍ ይል ነበር። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ 800 ላይ ረግቷል። ረጅሙ ጉዞ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ቀትር ላይ፣ ሳይቆም። ኮድ አነበብኩ፣ የለም። ግራውንድ ብሎኑ ላይ ቅባት ቀባሁ።

አሮጌው ቦርድ ጋሼ ጠረጴዛ ላይ ነው። የተበላውን መስመር በቀጭን ሽቦ ቀጥለውታል፣ ትራንዚስተሩን እየፈለጉ ነው። «ይመጣል» ይላሉ።

ዛሬ ጠዋት አባቴ ብቻውን ወጣ። በመስኮት እያየሁት ነበር። ቁልፉን ከፈተ፣ ወዲያው አላስነሳም። አጎንብሶ ክሩስኮቱን አየ፣ መብራቷ መኖሯን ሲያይ ነው ሞተሪኖውን ያዞረው። ተነሳች። በሩን አልፎ ወጣ።